የቶርላይቭ ከንፈር

ቶርላይቭ ግትር ነው። ይህን የምለው ወድጄው ነው፤ በመንደራችን ማርሽ ባንድ ከልጅነቴ ጀምሮ ጡሩንባ የምነፋው ከእሱ ጎን ቆሜ ነው። ሥራው ጀልባ መጠገን ስለሆነ፣ የተበላሸ ነገር ሁሉ በጉልበት የሚቃና ይመስለዋል።

በበረዶው ወራት አንድ ጠዋት ቡና ሲጠጣ በአፉ ግራ በኩል ፈሰሰበት። ግራ ፊቱ ዝሎ ወርዷል፤ ዓይኑም አልከደን ብሏል። ሐኪሙ ነርቭ ነው፣ ቀስ እያለ ይመለሳል አለው። ቶርላይቭን ያስጨነቀው ግን ሜይ አሥራ ሰባት፣ የአገራችን ብሔራዊ በዓል ነበር። በዚያ የበዓል ንጋት መንደሩን በሙዚቃ የምንቀሰቅሰው እኛ ነን፤ ከፊት ሆኖ የሚመራን ደግሞ እሱ።

የአፍና የፊት ጡንቻ የምታሠራው ባለሙያ ኢንጉን መስታወት ፊት አስቀመጠችው።

«ከንፈርህን በትንሹ ሰብስብ። ዓይንህ አብሮ ከተጨፈነ አቁም።»

«ይሄም ሥራ ተብሎ!» አላት።

ከዚያ ጀልባ ማደሻው ውስጥ ተደብቆ ጡሩንባውን እንደ እብድ ይነፋ ጀመር። በረዶው ሲቀልጥ፣ ከንፈሩን ባንቀሳቀሰ ቁጥር ዓይኑ አብሮ ይጨፈን ነበር።

ኢንጉን ጮኸችበት። «ነርቭህን ስሕተት እያስለመድከው እኮ ነው! ጡሩንባውን ተወውና በመስታወት፣ በቀስታ፣ በየቀኑ ሥራ!»

«መስታወቱን አልችልም። እዚያ ውስጥ ያለውን ሰውዬ ማየት አልፈልግም።»

ሚስቱ ኦድኒ ይህን ስትነግረኝ ደሜ ፈላ። እኛ ዘንድ ጣሪያ የሚጠገነው፣ አጥር የሚቀባው በደቦ ነው፤ ቶርላይቭ ከማንም ደቦ ቀርቶ አያውቅም። የራሱ ችግር ሲሆን ግን በሩን ይዘጋል። በሚቀጥለው የባንዱ ልምምድ የቤቴን መስታወት ተሸክሜ ሄድኩና ፊቱ አቆምኩት።

«ደግሞ ይሄ ምንድን ነው?»

«ደቦ ነው። ዝም ብለህ ከንፈርህን ሰብስብ።»

ባንዱ በሙሉ ከንፈሩን ሰበሰበ።

«ልክ ዓሣ መስለሻል!» አለኝ ከበሮ መቺው ሲግቫልድ።

«አንተ ደግሞ ዓሣው ራሱ የሚሸሽህ!»

ቶርላይቭ ሳቀ። ሳቁ ጠማማ ነበር፤ መስታወቱ ውስጥ አየው፣ ፊቱን ግን አላዞረም። ከዚያ ወዲህ ልምምዳችንን የምንጀምረው በዚሁ ሆነ። ቤቱም ብቻውን በመስታወት መሥራት ጀመረ።

በዓሉ ሲደርስ ኢንጉን ፈቀደችለት፤ ዓይኑ ከተጨፈነ ሊያቆም ቃል አስገብታው ነው። ከፊት ቆሞ ነፋ። ድምፁ ቀጭን ቢሆንም ጥርት ያለ ነበር። ዜማው መሐል ላይ ግራ ዓይኑ መርገብገብ ጀመረ። ይሄ ግትር መቼም አያቆምም፣ ልፋታችን ሁሉ ገደል ገባ አልኩ በልቤ።

ጡሩንባውን ከአፉ አወረደ።

ብብቱ ሥር ይዞት፣ ያንን ጠማማ ፊቱን በየመስኮቱ ለሚያየው ሰው ሁሉ ገልጦ፣ ከፊታችን መራመዱን ቀጠለ። ዜማውን ተቀብዬው እያለቀስኩ ነፋሁ፤ ስንቱን እንደሳትኩ እኔ ነኝ የማውቀው።

«አበላሸሽው» አለኝ ሳይዞር።

«ታዲያ ለምን አቆምክ?»

«ለከርሞ ከንፈር ያስፈልገኛል።»