ካሣዬ ግራ ክንዱን የሰጠ ዕለት

ካሣዬ በኡጋንዳ ዋና ከተማ በካምፓላ፣ ኦዊኖ በሚባለው ገበያ ልባሽ ጫማ ይሸጣል። ቄስ አይደለም፤ ዲያቆንም አይደለም። ሆኖም እዚያ ባሉት ሐበሾች የጽዋ ማኅበር የዮሐንስን ራእይ የሚተረጉመው እሱ ነበር። በኮሮናው ከተማው ሲዘጋ፣ «ስምንተኛው ሺህ ይሄ ነው» አለ። ክትባት ሲመጣ ደግሞ፣ «ያለ አውሬው ምልክት መግዛትም መሸጥም አይቻልም የተባለው ደረሰ!» ብሎ አስጠነቀቀ። አመኑት። ቡኮቶ ሰፈር ምግብ ቤት ያላቸው የማኅበሩ አባል እትዬ ሙሉነሽ ስኳር በሽታ እያለባቸው፣ ተራቸው ደርሶ ሳይከተቡ ቀሩ።

በፈረንጆቹ 2021 መጨረሻ፣ ያልተከተበ ነጋዴ ገበያ አይገባም የሚል ወሬ ተነሣ። እንግዲህ ያስተማረው ሊፈጸም ነው፤ የሚጸናበት ቀን መጣ። ካሣዬ ግን ሱቁን ለጎረቤት አደራ ብሎ፣ ሐበሻ አያየኝም ወዳለበት ሐይቁ ዳር ወዳለው ወደ ፖርት ቤል በቦዳ ሞተር ከነፈ። እዚያ ክሊኒክ ገብቶ ነርሷ ፊት ሲቀመጥ ግራ ክንዱን ሰጣት። መጽሐፉ የአውሬው ምልክት በቀኝ እጅ ወይም በግንባር ነው ይላልና፣ ልቡን በዚያ ደለለ።

እጅጌውን እያወረደ ሲወጣ፣ ለምግብ ቤታቸው ዓሣ ሊገዙ የመጡት እትዬ ሙሉነሽ ከፊቱ ቆመዋል።

«ካሣዬ! አንተ ደግሞ እዚህ ምን ትሠራለህ?»

«ዓሣ... ዓሣ ልገዛ ነው፣ እትዬ።»

«ከክሊኒክ?»

የክትባት ካርዱን ረስቶት ኖሮ፣ ነርሷ እያውለበለበች ከኋላው ደረሰች።

«የቱን እጅህን ነው የወጉህ?» አሉት።

«ግራውን።»

«አይ የኛ ተርጓሚ! አውሬው ግራ እጅ አያውቅም በለኛ!» ሳቁ። ሳቃቸው ግን ወዲያው ከሰመ። «እኔ እኮ ይኼን በሽታ ይዤ የተቀመጥኩት ባንተ ቃል ነው።»

ምድር ተሰንጥቃ ብትውጠው በወደደ። «ይቅር ይበሉኝ። አሁን ይግቡና ይከተቡ፤ እጠብቅዎታለሁ።»

«ማኅበር ፊት ያስፈራራኸኝን ሐይቅ ዳር ሹክ ብለህ አታፈርሰውም። እዚያው ተናገር፤ ያኔ እከተባለሁ።»

እሑድ፣ ጠበል ጠዲቁ ከተቀመሰ በኋላ እንደ ልማዱ መጽሐፉን ሰጡት። አልገለጠውም።

«የነገርኳችሁን ነገር አላውቀውም ነበር» አለ። «እኔ ተከትቤአለሁ። ለሱቄ ፈርቼ።»

«ታዲያ እኛን ከክትባቱ ለምን አስጾምከን!» አለ አንዱ ከጥግ፤ ቤቱ በሳቅ ተናወጠ።

እትዬ ሙሉነሽ አልሳቁም። «ነገ ጠዋት የምትወስደኝ አንተ ነህ» አሉት።

«እሺ፣ እትዬ» አለ ካሣዬ። ቀና ብሎ ሊያያቸው ግን አልቻለም።