ሶዶ ላይ የተራገፈው ድርቆሽ

ዘርፈሽ ጋሞ ቆላ፣ ሲቀላ ውስጥ ድርቆሽ ትሸጣለች። በጋ ሲገባ ቆላው ይደርቃል፤ የኩልፎ ወንዝ ዳር የሙዝ ቅጠል ደግሞ የፈረንጅ ላም አያጠግብም። ስለዚህ ሱሉልታ ድረስ ወጥታ፣ ሣሩን በእጇ ዳስሳና አሽትታ ትገዛለች። የጭነት መኪና የሚያገናኛት ደላላው እንድሪያስ ነው። ልጇን ጌዲዮንን ክርስትና ያነሳላት አበልጇ ነው።

አምና በየካቲት፣ ሸዋነሽ የምትባል ደንበኛዋ ወተት በጆግ ይዛ መጣች። ሸዋነሽ ሁለት ላሞች አሏት፤ የምትኖረው በእነሱ ነው።

«ቅመሺው» አለች፤ ሰላምታም የለ።

ዘርፈሽ ቀመሰችው። ይመራል።

«ደንበኞቼ መድኃኒት ጨምራበታለች እያሉ እየመለሱልኝ ነው። ያንቺ ድርቆሽ ከገባ ወዲህ ነው። የሸጥሽልኝ ምንድን ነው?»

ዘርፈሽ ከቀረው ድርቆሽ አንዱን እስር ፈታችው። ዳር ዳሩ ጥሩ ሣር፤ መሀሉ ግን የደረቀ ቅንጬ አረም፣ ነጫጭ አበባው እንኳ ያልረገፈ። ያን አረም የበላች ላም ወተቷ ይመራል። ሱሉልታ ላይ በቃጫ ነበር ያሳሰረችው፤ ይኼ የታሰረው በላስቲክ ገመድ ነው። ጭነቱ የገባ ዕለት ለቅሶ ላይ ስለነበረች የተረከበላት እንድሪያስ ነው።

ሾፌሩ ጋ ደወለች።

«አቶ እንድሪያስ ሶዶ ላይ አራግፍ ብሎኝ ነው» አላት። «ከብት ለሚያደልብ ሰው ሸጦት በምትኩ ሌላ ጫንን። ተነጋግረናል አለኝ። አላወቁም እንዴ፣ እትዬ?»

ደሟ ፈላ። እስሩን ባጃጅ ላይ ጭና መናኸሪያው አጠገብ፣ ደላሎች የሚሰበሰቡበት ቦታ ሄደች። እንድሪያስ እግር ሥር ዘረገፈችው።

«አበልጄ፣ ምን ነካሽ? ሰው ፊት?»

«ሰው ፊት ነው የምፈልገው! በስሜ መርዝ ትሸጣለህ?»

«ኧረ ተይ፣ ሣር ሣር ነው። ከብት ምን ያውቃል?»

«ሸዋነሽስ? እሷም ከብት ናት?»

ሰው ከበባቸው። እንድሪያስ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «በጌዲዮን ይዤሻለሁ...» ሲል ባሰባት።

«ልጄን በዚህ አፍህ እንዳትጠራው!»

መሬት ላይ ያገኘችውን ዱላ አንስታ ሰነዘረች። ይሄኔ ሁለት አዛውንት ከቦዩ ዳር እርጥብ ሣር ነጭተው መሀል ገቡና ተንበረከኩ። በጋሞ አገር ሽማግሌ ሣር ይዞ ከተንበረከከ አይታለፍም። እጇ አየር ላይ ቀረ።

«እናንተን አላልፍም፣ አባቶቼ» አለች ዱላውን ጥላ። «እሱን ግን ይቅር አላልኩም። መጀመሪያ የሸዋነሽን ደንበኞች ቤት ለቤት ይዙርና ጥፋቱ የኔ ነው ይበል።»

ዞረ። ሸዋነሽ ከፊት፣ እሱ አንገቱን ደፍቶ ከኋላ። አንዳንዱ አዳመጣቸው፤ አንዳንዱ «ተመካክራችሁ ነው» ብሎ በሩን ዘጋባቸው። ብዙዎቹ አልተመለሱም። ሸዋነሽ አንደኛዋን ላም ሸጠች፤ ስትሸጥ ዘርፈሽ አብራት ነበረች።

አሁን ዘርፈሽ ከጭነቱ ጋር ጋቢና ተቀምጣ ራሷ ትመጣለች። ሾፌሩ ሻይ ልጠጣ ብሎ ሲያቆም እንኳ አትወርድም። እንድሪያስ ለፋሲካ ለጌዲዮን ልብስ ላከ፤ ባመጣው ሰው እጅ መለሰችው። ሽማግሌዎቹ ባገኟት ቁጥር «ኧረ ይብቃሽ፣ ልጄ» ይሏታል።

አልበቃትም።