ሰርቭ የሚለውን ቃል ያስተማርኩ ዕለት

በዘጠናዎቹ መጀመሪያ ኦሎምፒያ ሰፈር ከአንድ ካፌ በላይ ባለች ክፍል፣ የሆቴል ሥራ ለሚፈልጉ ሰዎች እንግሊዝኛ አስተምር ነበር። ጥሩ አስተማሪ ነበርኩ፤ ይህን ዛሬም ደፍሬ እናገራለሁ። ላቲን እንደማውቅም ሰበብ እየፈለግኩ አስታውሳቸው ነበር። ላቲኔ ሽፋኑ ከተገነጠለ መዝገበ ቃላት የተለቀመ መሆኑን ግን ለማንም ትንፍሽ አላልኩም።

አንድ ቀን ሰርቭ የሚለውን ግስ አነሳሁ። ምግብ ማቅረብ ነው፣ በውትድርና ማገልገል ነው፣ የእስር ጊዜን መፈጸም ነው፣ በቴኒስም የመጀመሪያዋን ኳስ መምታት ነው አልኩ። እዚያ ላይ ባቆም ጥሩ ነበር። “ሥሩ ግን ላቲን ነው፤ ሰርቩስ ማለት ባሪያ ነው” ብዬ ሰሌዳው ላይ በትልቁ ጻፍኩና ሁለት ጊዜ አሰመርኩበት። ከትምህርቱ ሁሉ የምወደው ይህንን ነበር።

ከፊት የምትቀመጠው ተማሪ ቤተሰቦቿ ከወሎ መጥተው ካዛንቺስ ጨርቅ ይሸጣሉ። ሱቅ መቀመጥ አንገሽግሿታል። አባቷ ግን እስከ ረመዳን ሥራ ካላገኘች ወደ ሱቁ እንደምትመለስ ቁርጡን ነግረዋታል።

እኛ አገር ሰሌዳ ላይ የተጻፈ ነገር ሁሉ ይሸመደዳል። በአፍ የተባለው ይረሳል፤ በጠመኔ የተጻፈው ለፈተና ነው። እኔም እንደዚሁ ተምሬ ያደግኩ ሰው ሆኜ ሳለ ዘነጋሁት።

መስቀል ፍላወር ያለ አንድ ሆቴል ለመስተንግዶ ሥራ ጠራት። ፈታኙ፣ ሰርቭ ማድረግ ላንቺ ምንድን ነው ብሎ በእንግሊዝኛ ጠየቃት። የሸመደደችውን አንድም ሳታስቀር አንበለበለችው፦ ከላቲን የመጣ ነው፣ ባሪያ መሆን ማለት ነው። ሰውየው ሥራውን የናቀችበት መስሎት ፋይሏን ዘጋ።

ይህን ስትነግረኝ ደሜ ፈላ፤ መጀመሪያ የተናደድኩት በሰውየው ነበር። ላነጋግረው ወጥቼ ሆቴሉ እስክደርስ ግን ጥፋቱ የማን እንደሆነ ገብቶኛል።

“ልጅቷ የመለሰችው እኔ ያስተማርኳትን ነው” አልኩት።

“ይገባኛል መምህር። ግን ቦታው ተይዟል” አለኝ በትሕትና።

ረመዳን ሊገባ ሁለት ቀን ሲቀረው ለመጨረሻ ጊዜ ክፍል መጣች። ትቆጣኛለች ብዬ ነበር፤ ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር። የዕለቱን ቃል ልጽፍ ወደ ሰሌዳው ስዞር እጇን አወጣች።

“ቲቸር፣ ይቅርታ… ማለቴ፣ የዛሬው የሚጠና ነው ወይስ እርስዎ ስለሚወዱት ነው?”

“ስለምወደው ነው” አልኳት። በማስተማር ዘመኔ እንደዚያን ቀን አፍሬ አላውቅም።