ሰው የሌለበት መሬት

ከቢሮዬ የወሰዱኝ ከሰዓት በኋላ ነው፤ ዝናብ ይጥላል። ሲቪል የለበሰው ሰውዬ ጠረጴዛዬ ላይ የነበረውን ፋይል አነሳና «ይኼ ነው?» አለኝ። «ነው» አልኩት። ሞኝ ነኝ፣ ማታ እመለሳለሁ ብዬ ኮቴን ሳላነሳ ወጣሁ።

ፋይሉ የከተሞች ውድድር ነው። ያኔ ከተሞችን በነጥብ ያወዳድሩ ነበር፦ ውኃ በሳምንት ስንት ቀን ይመጣል፣ ንግድ ፈቃድ በስንት ቀን ይሰጣል፣ ለባለሀብት የተዘጋጀ መሬት አለ ወይ። የከተማችንን ቅጽ የምሞላው እኔ ነበርኩ። የውኃውን ነገር እንዳለ ጻፍኩት፤ ከመጨረሻዎቹ ተርታ ተመደብን። ምርጫ ያለፈበት፣ ሰው ሁሉ በጥርጣሬ የሚታይበት ክረምት ነበርና «መንግሥትን ለማሳጣት ሆን ብሎ ነው» ተባልኩ።

የታሰርኩባት ክፍል ጠባብ ናት፤ የሽንት ባልዲና የረጠበ ልብስ ትሸታለች። የጮቄ ተራራ ብርድ በበሩ ሥር ይገባል። ጥግ ይዘው የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ ገበሬ በሸሚዝ ብቻ ሲያዩኝ ጋቢያቸውን ገለጥ አደረጉና «ና ግባ ልጄ፣ ብርድ የተማረ ያልተማረ አይልም» አሉኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ በአንድ ጋቢ አደርን። አምበር ከተማ የተዳረች ልጃቸው ስንቅ ስታመጣ ለእኔ ሳይቆርሱ አይበሉም።

የታሰሩት ችካል ነቅለው ነው። ቀያሾች መጥተው ማሳቸው ላይ ተከሉ፤ እሳቸው ነቀሉ። መልሰው ተከሉ፤ መልሰው ነቀሉ። ካሳውንም አልቀበልም አሉ። «ፀረ ልማት» ተባሉ።

«መሬቱ የት ነው አባቴ?» አልኳቸው አንድ ቀን።

«ከከተማው ዳር፣ ከወንዙ ወዲያ። ትልቅ ሾላ አለበት።»

ቅጹ ላይ የሞላሁት መሬት ነበር። በቢሯችን ልማድ፣ ካሳ ከተተመነ ባለቤቱ ተቀበለም አልተቀበለም መሬቱ «ከሦስተኛ ወገን ነፃ»፣ ሰው የለበትም ማለት ነው፣ ተብሎ ይሞላል። ሁላችንም እንዲያ ነበር የምንሠራው። ያንን መሬት ሄጄ ሳላየው «ነፃ» ብዬ የጻፍኩት እኔ ነኝ።

«የተማረ ሰው አንዴ ብቅ ብሎ ቢያየው ኖሮ» አሉ ሽማግሌው፣ «ሰው እንዳለበት ይጽፍልን ነበር።»

አፈር በበላሁ። እውነት ጽፌ ታሰርኩ ብዬ በልቤ ስኩራራ ነበር የከረምኩት።

ከጥቂት ቀን በኋላ መርማሪው አስጠራኝ። ቅጹን ከፊቴ ዘረጋው።

«አንደኛ የወጡት ውኃችን ተቋርጦ አያውቅም ብለው ነው የሞሉት» አለኝ።

«እህቴ እዚያ ከተማ ነው የምትኖረው። በጀሪካን ነው የምትቀዳው።»

«ማን ጠየቀህ? ተሳስቼ ነው በልና አስተካክለህ ፈርም። ዛሬውኑ ቤትህ ትገባለህ።»

ባለቤቴ እርጉዝ ነበረች፤ ወሯም ገብቷል። እስክሪብቶውን ተቀበልኩ። የውኃውን መስመር ሳልነካ አለፍኩት። የመሬቱ ጋ ስደርስ «ነፃ» የሚለውን ሰረዝኩና «ሰው አለበት። ካሳ አልተቀበሉም። ስህተቱ የእኔ ነው» ብዬ ፈረምኩ። መርማሪው አነበበና ቀና ብሎ አየኝ። «አንተስ ጤነኛም አይደለህ» አለኝ። መልሰው ቆለፉብኝ። ልጄ ስትወለድ አላየኋትም።

በማግስቱ የሽማግሌው ልጅ ስንቅ ይዛ መጣች፤ ዶዘር ገብቶ ገና የበቀለውን ጤፍ ገለባብጦታል አለቻቸው። ፊርማዬ ምንም አልፈየደም። አላስቻለኝም፣ ያን ዕለት ሁሉንም ነገርኳቸው።

«አባቴ፣ ሰው የለበትም ብዬ የጻፍኩት እኔ ነኝ።»

ቢረግሙኝም ፍርዳቸው ነው ብዬ ጠበቅኩ።

«ስንት ነጥብ አገኘ?» አሉኝ በመጨረሻ።

«ሙሉ።»

«እንግዲያ ጥሩ መሬት ነበር» አሉና ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ሲመሽ ጋቢያቸውን እንደ ወትሮው ገለጥ አደረጉልኝ።

ከተፈታን በኋላ ሽማግሌው ብዙም አልቆዩም፤ ከተማ ውስጥ በኪራይ ቤት እንዳሉ ሞቱ። ዛሬም እንትን ከተማ አንደኛ ወጣ ሲባል በሬዲዮ እሰማለሁ፤ መሬቱ የማን ነበር ይሆን እላለሁ፣ ከዚያ ሬዲዮውን እዘጋለሁ።

ለቅሷቸው ላይ ሄጄ ነበር። ባለቤታቸው ማንነቴን ስነግራቸው እጄን ይዘው ከዘመድ ተርታ አስቀመጡኝ።

«አንተ ነህ እንዴ የእስር ቤት ልጁ? መሬታችንን ለማስመለስ ብሎ ነው እስሩ የረዘመበት ይል ነበር። ሳያመሰግንህ ውሎ አያውቅም።»

«ነፃ» ብዬ መጻፌን ግን ሽማግሌው ሆድ ይፍጀው ብለው ይዘውት ሄደዋል። ልናገር አፌን ከፈትኩ፤ ባለቤታቸው ግን እያለቀሱ ግንባሬን ሳሙኝ። እስከ ዛሬ አልነገርኳቸውም።