እማማ ኤርጎጌ ስሙን የማይጠሩት ተጫዋች

ልጅ ሳለሁ ተረት የምንሰማው በጎረቤታችን በእማማ ኤርጎጌ ማድቤት ነበር። ያኔ ከተማችን ሆሳዕና መብራት ቶሎ ቶሎ ይጠፋባት ስለነበር፣ ሰፈሩ ሲጨልም ልጆች ተጠራርተን እንገባና ምድጃውን ከበን እንቀመጣለን፤ ጭሱ ዓይናችንን እያቃጠለው፣ ኩራዙ የሁላችንንም ጭንቅላት ግድግዳው ላይ እያገዘፈው፣ እማማ ፍሙን በእንጨት እየቆሰቆሱ ይጀምራሉ። የሚያወሩት ለእኛ ለአስተማሪና ለነጋዴ ልጆች ሲሉ በአማርኛ ነበር፤ አማርኛቸው ግን የሀዲይኛ ዜማ ነበረው።

ተረታቸው አንድ ልማድ አለው። ላም ስትመጣ ላም አይሏትም፤ «ያቺ ወተት የምትሰጠዋ» ይሏታል። ላባ ደግሞ «ዶሮዋ የለበሰችው» ነው። እኛ ይህ የተረት አነጋገር ይመስለን ነበር፤ እንዲያውም ቤታችን ስንገባ እሳቸውን እያስመሰልን እንስቅ ነበር።

አንድ ዓመት ክረምቱ ሊወጣ ሲል የከተማችን የእግር ኳስ ቡድን ለአዲሱ ውድድር ዝግጅት ጀመረና ከየወረዳው ወጣቶችን ለሙከራ ጠራ። ከመጡት ሁለቱ እማማ ግቢ አንዲት ክፍል ተከራዩ፤ ላምቤቦ የሌሞ ገጠር ልጅ፣ ተመስገን ከከምባታ፣ የዳምቦያ። ሁለቱም የግራ መስመር ተከላካዮች ናቸው፤ ቡድኑ የሚፈልገው ደግሞ አንድ ብቻ ነበር። በአንድ ፍራሽ ይተኛሉ፣ ከአንድ ትሪ ይበላሉ፣ ጠዋት ተነስተው አንዱ ሌላውን ለማስቀረት ይሮጣሉ። የላምቤቦ አባት የፈቀዱለት የዚያን ዓመት ሙከራ ብቻ ነው፤ ካልተሳካለት ወደ እርሻው ተመልሶ ኳስ የሚባል ነገር እንዳያነሳ ተስማምተዋል። ተመስገን በበኩሉ ከዚያ በፊት ሌላ ከተማ ሞክሮ የተመለሰ ነው፤ ዳግመኛ ባዶ እጁን ዳምቦያ ከሚገባ እዚሁ እማማ ቤት እንጨት ቢፈልጥ እንደሚሻለው እየሳቀ ይነግረን ነበር። ማታ ማታ እርጥብ ታኬታቸውን ፍሙ አጠገብ አስጥተው ከእኛ ጋር ተረት ይሰማሉ።

የአባቴ ታላቅ ወንድም ጋሼ ዘውዱ የሂሳብ አስተማሪና የቡድኑ ደጋፊ ነበሩ። ልምምዱን ለማየት በየቀኑ ሜዳ ይሄዳሉ፤ ያዩትን ግን አያምኑም።

«ሙከራ የሚሉት ነገር ድራማ ነው» ይሉኛል፣ አጥሩን ተደግፈው። «ቦታው ድሮ ተሰጥቷል። ልጆቹን የሚያስሮጧቸው እኛ እንድናጨበጭብ ነው።»

አንዱ ልጅ ቆንጆ ኳስ ሲያሻማ «ዛሬ ሊያየው የመጣው ዘመዱ የትኛው ነው?» ብለው ዙሪያቸውን ይቃኛሉ። ሲሳሳት ደግሞ እንዲሳሳት ተነግሮታል ይላሉ። እኔም አጠገባቸው ቆሜ ዓይኔን ጠበብ አድርጌ ማየት ተማርኩ፤ ትልቅ ሰው መሆን ማለት ይኸው ይመስለኝ ነበር።

አንድ ማታ ጋሼ ሊወስዱኝ መጥተው፣ ተረቱ እስኪያልቅ ማድቤቱ ደጃፍ ላይ ተቀመጡ። እማማ በዚያ ሰሞን ሁለቱን ልጆችም በተረታቸው ውስጥ ማስገባት ጀምረው ነበር።

«ተመስገን ዛሬ እንደ ፍየል ዘለለ» አሉ። «ፍየሉ ዘሎ ዘሎ ደከመው። ያ ዝምተኛው ግን አጥር ሆኖ ቆመ። አጥርን ማን ያልፋል?»

ላምቤቦ አቀርቅሮ ሳቀ፤ ተመስገን «ሜ!» ብሎ እንደ ፍየል ጮኸላቸው። ጋሼ ብቻ አልሳቁም። ወደ ቤት ስንሄድ መንገድ ላይ ቆም አሉ።

«አንተ፣ ሴትየዋ የዚያን ልጅ ስም ጠርተው ያውቃሉ?»

አሰብኩ። «አያውቁም፣ ጋሼ። ዝምተኛው ነው የሚሉት።»

«አንድ ግቢ አብሯቸው እየኖረ?»

«አዎ።»

«እንግዲያው ስሙ የሱ አይደለም» አሉ፣ ስሌቱ እንደወጣለት ሰው ተረጋግተው። «በታናሽ ወንድሙ መታወቂያ ነው የመጣው። ዕድሜ ቀንሷል። ሴትየዋ ጴንጤ ናቸው፤ መዋሸት ስለማይወዱ ዘለሉት።»

ግምቱ ምንም ቀዳዳ አልነበረውም፤ ከዚያ ወዲህ ቀዳዳ የሌለው ነገር ስሰማ የምጠነቀቀው ለዚህ ነው። ሳምንቱ ሳያልቅ ወሬው በደጋፊው ሁሉ አፍ ገባ። ላምቤቦ ኳስ በነካ ቁጥር ከአጥሩ ማዶ «አባቴ፣ ቀስ ይበሉ እንጂ፣ ወገብዎን!» «የልጅ ልጆች እንዴት ናቸው?» የሚል ጩኸት ይነሳል። እሱ ዝም ብሎ ይጫወታል። ዝምታውም ለጋሼ ሌላ ማስረጃ ሆነላቸው።

አሰልጣኙ ከአዲስ አበባ በቅርቡ የመጣ ሰው ነበር። ወሬው ጆሮው ደርሶ ኖሮ አንድ ቀን ከልምምድ በኋላ እማማ ግቢ መጣ። ሁለቱ ልጆች በባልዲ ውሃ እየታጠቡ ነበር። እኔ ነበርኩ፣ ጋሼም በአጋጣሚ ነበሩ፤ እንዲህ ያለ አጋጣሚ አያመልጣቸውም።

«እማማ፣ የዚህ ልጅ ስም ማን ነው?» አለ አሰልጣኙ፣ ላምቤቦን እያመለከተ።

እማማ ሻርፓቸውን ወደ አፋቸው ሳቡ። «አንተ ታውቀው የለ፣ ልጄ።»

«ከእርስዎ መስማት ፈልጌ ነው። ስሙን ብቻ ይበሉኝ።»

«እንዴት ብዬ?» አሉ መሬት መሬት እያዩ። «ይኸው ቆሟል እኮ።»

ጋሼ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ላምቤቦ «ኮች፣ እሳቸው እኮ አይችሉም፣ በእኛ ባህል...» ብሎ ሲጀምር አሰልጣኙ «አንተን አልጠየቅኩህም» ብሎ አቋረጠው። እማማ የተጠየቁት እዚያ አገር ያደገ ሰው የማይጠይቀውን ነገር ስለነበር፣ ማስረዳት እንዳለባቸው እንኳ አልመጣላቸውም፤ በልጆች ፊት ሊያዋርዳቸው የመጣ ነው የመሰላቸው። አሰልጣኙ ሊሄድ ፊቱን ወደ በሩ መለሰ። የላምቤቦ ነገር እንዳበቃለት ለእኔ ለልጁ እንኳ ገባኝ።

ተመስገን ፊቱ ላይ አረፋ እንዳለ፣ ሳሙናውን እንደያዘ ቆሞ ነበር። ፊቱን መታጠብ ብቻ ነበር የሚጠበቅበት፤ ቦታው የሱ ይሆን ነበር።

«ኮች» አለ። «የእማማ አማት፣ የባላቸው አባት፣ ላፌቦ ነበር ስማቸው። እዚህ አገር ሚስት የአማቷን ስም አትጠራም፤ ነውር ነው። እንደ ስሙ በ«ላ» የሚጀምር ሌላ ቃልም ትዘላለች። እኛ ከምባቶችም ዘንድ እንደዚሁ ነው። ካላመንከኝ ያቺ የታሰረችው ምን እንደምትባል ጠይቃቸው።»

አሰልጣኙ ግራ ገብቶት ወደ ጓሮው እያየ «ምንድን ናት፣ እማማ?» አለ።

«ወተት የምትሰጠዋ ናታ!» አሉ እማማ ተቆጥተው፤ ከዚያ ራሳቸው በሻርፓቸው ውስጥ ሳቁ። «በስተርጅናዬ የአማቴን ስም ልታስጠራኝ ነው እንዴ?»

ያኔ ነው የተረቱ ልማድ የገባኝ። ስንት ዓመት በአንድ አጥር ተለያይተን ስንኖር፣ የሴትየዋን አክብሮት እኛ ልጆች እንደ ቀልድ፣ ጋሼ ደግሞ እንደ ማጭበርበር ማስረጃ ወስደነው ኖረናል።

በመጨረሻው የወዳጅነት ጨዋታ አሰልጣኙ ላምቤቦን ሙሉ ጨዋታ አሰለፈው፤ ቦታውም የሱ ሆነ። አባቱ ከሌሞ በጋሪ መጥተው ከአጥሩ ማዶ፣ ቀደም ሲል ልጃቸውን ሽማግሌ ሲሉ ከነበሩት ሰዎች መሀል ቆመው አዩት። ተመስገን በማግስቱ ጠዋት ቦርሳውን አንጠልጥሎ ወጣ። እማማ ትኩስ ቆጮ በእንሰት ቅጠል ጠቅልለው ሰጡት፣ ግንባሩንም ሳሙት፤ ደጋፊም አሰልጣኝም አልነበረም። ወደ መናኸሪያው ሲታጠፍ አልሳቀም፤ ሳይስቅ ያየሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው።

መሄዱን ለጋሼ ነገርኳቸው።

«ሌላ ክለብ ጠርቶታል» አሉ። «ቦታውን እንዲህ በነፃ የሚሰጥ ሰው የለም። ስሙን በቅርቡ ትሰማዋለህ።»

ጠበቅን። ውድድሩ ሲጀመር ከሬዲዮው አጠገብ ተቀምጠን የየቡድኑን አሰላለፍ እናዳምጥ ነበር፤ ዘጋቢው ግራ ተከላካይ ላይ ሲደርስ ጋሼ እጃቸውን አንስተው ዝም ያሰኙናል። የተመስገን ስም አልመጣም። በዚያ ዓመትም፣ በሚቀጥለውም።

ዛሬም በየዓመቱ ዝግጅት ሲጀመር ሜዳው ዳር እቆማለሁ። አዳዲስ ልጆች ለአንዲት ቦታ ሲተናነቁ አያለሁ፤ የዚህኛውን ዕድሜ፣ የዚያኛውን አጎት፣ የሶስተኛውን ድንገተኛ ጉዳት እጠረጥራለሁ፤ አብዛኛውን ጊዜም አልሳሳትም። አንዱ የወደቀ ተቀናቃኙን ሲያነሳ ካየሁ ዓይኔ ቀድሞ የሚሄደው አሰልጣኙ ያየ እንደሆነ ለማወቅ ነው። ጋሼ ዘውዱ ያ ሌላ ክለብ የትኛው እንደሆነ ሳያገኙ አረፉ። ፍለጋውን ከሳቸው ወርሼ እስካሁን በየቡድኑ የተጫዋቾች ዝርዝር ውስጥ የተመስገንን ስም እፈልጋለሁ፤ እንዳላገኘው መመኘቱ ግን የራሴ ነው።