ያሰርኩት እጅ

ዶክተሯ ልጄን «የምትጽፊው በየትኛው እጅሽ ነው?» ብላ ስትጠይቃት አጠገቧ ተቀምጬ ነበር። ልጄ «በቀኝ» አለች። ዶክተሯ መዘገበች። እኔ ዝም አልኩ።

ልጄ ያን ጊዜ ሃያ አንድ ዓመቷ ነበር። ከአሥራ አራት ዓመቷ ጀምሮ የሚጥል በሽታ አለባት፤ የእሷ ግን ሁልጊዜ አይጥላትም። መጀመሪያ ትፈራለች። ዳቦ እየሸጠች፣ ምንም የሚያስፈራ ነገር በሌለበት፣ ከሆዷ ተነስቶ ወደ ደረቷ የሚወጣ ፍርሃት ይይዛታል። ከዚያ ዓይኗ ይፈዝዛል፣ አፏን እንደሚያኝክ ሰው ታንቀሳቅሳለች። ስትመለስ የሆነውን አታውቅም። መድኃኒት ብንቀያይርም አልያዘላትም። ስለዚህ ሐኪሞቹ በቀኝ በኩል ካለው አንጎሏ የታመመውን ቦታ ቆርጠው ሊያወጡላት አሰቡ።

እኔ ከአራተኛ ክፍል በላይ አልተማርኩም። እንግሊዝኛዬም ከሱቃችን መስኮት አያልፍም። ሐኪም ቤት የምታስተረጉምልኝ ራሷ በሽተኛዋ ናት። የዚያን ቀን ያስተረጎመችልኝ እንዲህ ነው፦ በአብዛኛው ሰው ንግግር ያለው በግራው አንጎል ነው፣ በተለይ ቀኝ እጁን በሚጠቀም ሰው። ስለዚህ ቀኙን መንካት ንግግሯን ይወስዳል ተብሎ አይፈራም።

«አየሽ ማሚ፣ መለፍለፌን አላቆምም» አለችኝ።

ልጄ ግራኝ ነበረች።

ትንሽ እያለች፣ ከአገራችን እንደወጣን፣ ዱርንፎንቴን የሚባል ሰፈር ውስጥ አንድ ክፍል በመጋረጃ ከፍለን ከሌሎች ቤተሰቦች ጋር እንኖር ነበር። የምንበላው ከአንድ ትሪ ነው። ልጄ ግራ እጇን ስትሰድ ሴቶቹ እጃቸውን ይሰበስባሉ። አንዷ «ካሁኑ ካልከለከልሻት ነገ ሰው ቤት ሄዳ ታሰድብሻለች» አለችኝ። እዚህ አገርም ቢሆን «ሳውቦና» ብሎ ሰላምታ እየሰጠ የገባ ደንበኛ የገንዘቡን መልስ በግራ እጅ ሲሰጡት ቅር ይለዋል። እኔ ደግሞ «ሰው ምን ይለኛል» እያልኩ የምኖር ሴት ነኝ። ምግብ ሲቀርብ ግራ እጇን በሻሽ ከወገቧ ጋር ማሰር ጀመርኩ። ጣቷን ሬት ቀባሁት። አንድ ቀን በማማሰያ መታኋት። አራት ዓመት ሳይሞላት ቀኙን ለመደች። እሷ አታስታውሰውም፤ እኔም ነግሬያት አላውቅም።

በሽታው የመጣ ጊዜ ግን ያ ያሰርኩት እጅ ነው ወደ ራሷ የወጣው ብዬ አሰብኩ። ለአባቷ እንኳ ሳልናገር ዓመታት ይዤው ኖርኩ።

ከዶክተሯ ክፍል ወጥተን ኮሪደሩ ላይ ቁጭ አልኩ።

«ተነሺ እንጂ ማሚ፣ ወደ ቤት የሚወስደን የቮስሎሩስ ታክሲ ሰልፉ ይረዝማል።»

«እንመለስ። ለዶክተሯ የምነግራት አለኝ።»

«ለእኔ ንገሪኝ፣ በሚቀጥለው ቀጠሮ እነግራታለሁ።»

«አሁን ነው።»

ተመልሰን ገባን። ልጄን ሳይሆን ዶክተሯን እያየሁ «ግራኝ ነበረች በያት። እጇን አስሬ ቀኙን ያስለመድኳት እኔ ነኝ» አልኩ።

ልጄ ማስተርጎም ጀመረች፤ «እናቴ የምትለው፣ እኔ ትንሽ ሆኜ…» አለችና ቆመች። ወደ እኔ ዞረች።

«በምንድን ነው ያሰርሽኝ?»

«በሻሽ።»

«በየትኛው ሻሽ?»

«በሐምራዊው።»

«በዚያ ሰርግ በምትሄጂበት? በክብር ነው የታሰርኩት በያ» አለችና ትርጉሙን ለዶክተሯ ጨረሰችላት። ድምጿ ግን ቀጥኖ ነበር።

ዶክተሯ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። መናገሬ ጥሩ ነው አለች። ግራኝ ሆነው ከሚወለዱትም የብዙዎቹ ንግግር በግራ አንጎል ነው፤ የአንዳንዶቹ ግን በቀኝ፣ ወይም በሁለቱም በኩል ይሆናል። ስለዚህ ቢላዋ ሳይነካት በፊት ንግግሯ የት እንዳለ በማሽን አይተው ማረጋገጥ አለባቸው።

«ማሰሬ ነው ወይ ያሳመማት? ጠይቂልኝ» አልኩ።

«ይሄንንማ አልጠይቅም። ያሳፍራል።»

«ጠይቂልኝ አልኩሽ።»

ጠየቀችልኝ። ዶክተሯ ወደ እኔ ጠጋ አለችና «ኖ፣ ማማ» አለች። ይህ ማስተርጎም አላስፈለገውም። ቀጥላም ፍርሃቱ የልጄ ጠባይ እንዳልሆነ ነገረችኝ። ፍርሃት የሚቀሰቀስበት ቦታ ከታመመው ቦታ አጠገብ ስለሆነ፣ በሽታው ሲነሳ አብሮ ይነሳል። እኔ ደግሞ ከእኔ የወረሰችው ይመስለኝ ነበር።

ለምርመራው በአማርኛም ስማቸውን የምትጠራቸው ዕቃዎች ያስፈልጉ ነበር፤ ቤት የምታወራው በአማርኛ ነዋ። ዝርዝሩን የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ ወንፊት፣ መጥረጊያ፣ ሙቀጫ፣ ጭልፋ። ቤት ያለውን ሁሉ በስልክ ፎቶ አነሳን።

«ሙቀጫን አውጪው ማሚ። እሱን ሳላውቀው ስቀር ንግግሯ ጠፍቷል ይላሉ።»

ማሽኑ ውስጥ ተኝታ ሥዕል እያየች ስሙን በልቧ ጠራች። ውጤቱ ሲመጣ ንግግሯ በግራ በኩል ነው፤ ቀኙን መንካት ይቻላል ተባለ። ልጄ ራሷ ፈረመች።

የቀዶ ጥገናው ቀን ክፉ ቃል እንዳይወጣኝ ፈርቼ ከማንም ጋር አልተነጋገርኩም። ዓይኗን ስትገልጥ ግን አፌ አላርፍ አለ። ልጄ፣ አወቅሽኝ? እኔ ማን ነኝ? ያለሽው የት ነው? የወንድምሽ ስም ማነው?

ከንፈሯ ደርቆ ነበር። ቀስ ብላ «ማሚ፣ ጥያቄ ቀንሺ። ራሴን ያመኛል» አለች።

ዝም አልኩ። ያን ያህል ደስ ብሎኝ ዝም ብዬ አላውቅም።

ከዚያ ወዲህ ያ ፍርሃት አልመጣባትም። ዶክተሯ አሁንም መድኃኒቱን ተዪ አላለቻትም። የሰው ፊት ግን ቶሎ አይመጣላትም። ትናንት የመጣውን ደንበኛ ዛሬ እንደ አዲስ ታየዋለች፤ ድምፁን ስትሰማ ነው የምታውቀው። ከቀኝ አንጎሉ ተቆርጦ የወጣለት ሰው ላይ እንዲህ ሊያጋጥም እንደሚችል አስቀድመው ነግረውን ነበር። ከዚህ በላይ ፈርቼ ስለነበር አላማረርኩም።

አሁን ብቻዋን ታክሲ ትይዛለች። ደረሰች አልደረሰች ብዬ እደውላለሁ። ደረስኩ ብላ አትዘጋም፤ ሾፌሩ ያለውን፣ ጓደኛዋ የለበሰችውን፣ ያልጠየቅኳትን ሁሉ ታወራልኛለች። ስልኩን ባንኮኒው ላይ አስቀምጬ ድምፁን ከፍ አደርገውና ዳቦ እየደረደርኩ እሰማታለሁ።