ጥቁሩ ክር

ልብስ ሰፊውን የሰፈሩ ሰው «አባ ጠርጥር» ይለዋል። ያዋሰውን ሜትር ሲመልሱለት እንኳ «ከጫፉ አልቆረጡብኝም?» ብሎ አገላብጦ ሳያይ አይቀበልም። ዓይኑ እየደከመ ሲመጣ ግን አምላኩ ፊት ቆሞ፣ የያዘውን አንድ በአንድ ሊለቅ ቃል ገባ። መጀመሪያ መስኮቱ ሥር ያለውን የስፌት መኪና ለእህቱ ልጅ ለቀቀላት። ቀጥሎ ከአንገቱ የማይወርደውን ሜትር ሰጣት። መቀሱ ላይ ሲደርስ ልቡ እምቢ አለ።

ባለፈው ሳምንት የአንድ ደንበኛ ካፖርት እጅጌ አጣሞ ቆረጠ። የእህቱ ልጅ ያን ዕለት ቁርጡን ነገረችው።

«ጋሼ፣ ወይ መቀሱን ይስጡኝ፣ ወይ የጠሩኝ ሌላ ልብስ ሰፊ ቤት እገባለሁ። ቁልፍ ስተክል አላረጅም።»

እሱ ግን መቀሱን ይዛበት የምትሄድ መሰለው። ስለዚህ መሳቢያ ውስጥ ከተተውና፣ በመሳቢያው አፍ ላይ፣ እንዳታየው ብሎ የመረጠውን ጥቁር ክር ወጠረ። የከፈተ ሰው ይበጥሰዋል።

ዛሬ ጠዋት ጸሎቱን አድርሶ ጎንበስ ቢል፣ ክር የለም!

«መሳቢያዬን ማን ከፈተው?»

«ማንም።»

«ታዲያ ክሩን አይጥ በላው?»

መኪናዋን አቆመች። «ጥቁሩን ነው?»

«ይኸው! ታውቂያለሽ!»

«ሳምንቱን ሙሉ አቧራ በጠረግኩ ቁጥር እንዳይበጠስብዎ ስጠነቀቅለት፣ እንዴት አላውቅ?»

ሳቋን ዋጥ አድርጋ ጣቱን ያዘችና መሳቢያው ላይ አሳረፈችለት። ክሩ እንደተወጠረ አለ። ጥቁር ክር በጥቁር እንጨት ላይ፤ ከእሷ ደበቅኩ ሲል ከራሱ ዓይን ደብቆታል።

መሳቢያውን በገዛ እጁ ሳበ፤ ክሩ ጧ አለ። መቀሱን አውጥቶ መዳፏ ላይ አኖረው።

«ይልቀቁት እንጂ፣ ጋሼ።»

«ለቅቄያለሁ» አለ፣ እጀታውን ጨብጦ።

«ጣትዎ አልሰማም።»

ሳቀና ጣቶቹን ፈታ። የካፖርቱን ጨርቅ ዘርግታ መቁረጥ ጀመረች።

«ቀጥ ብሏል?»

«መጥተው ይዳስሱት።»

ብድግ አለ። ከዚያ የገባው ቃል ትዝ ብሎት መልሶ ተቀመጠ። «ተመስገን» አለ ቀስ ብሎ፤ ጆሮው ግን ከመቀሱ አልተለየም።